በሌላ ሰው ስም የተጻፈ መልስ

 

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ መልኩ ይለወጣል። በሌላ ጊዜ ስለ ውዱእ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ትዳር የምትጠይቁኝ ልጆች ድንገት "ኡስታዝ፣ ለሌላ ሰው መፈተን እንዴት ነው?" ማለት ትጀምራላችሁ። ምክንያቱም አብሮ ይመጣል። አንዱ "ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ዘንድሮ ካለፈው አያልፍለትም" ይላል። አንዷ "ጓደኛዬ አባቷ ታመው ሳታጠና ከረመች" ትላለች። ሌላው ደግሞ በግልጽ "የሚከፍሉኝ ገንዘብ የእናቴን መድኃኒት ይገዛል" ይለኛል። ማራኪ ግቢ አጠገብ ከጁሙዓ በኋላ የምታገኙኝም ያንኑ በለሆሳስ ትጠይቁኛላችሁ።

አንድ ቃል መልስ አለኝ፤ ሐራም ነው። ግን የእናቱ መድኃኒት ፊቱ ላይ ለተደቀነበት ልጅ አንድ ቃል ወርውሮ መሄድ ከአስተማሪ አይጠበቅም። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ላስረዝም፤ ታገሱኝ።

ከሕጉ ልጀምር። ብዙዎቻችሁ "ቢያዝ ከፈተናው ይባረራል፣ በቃ" ብላችሁ ነው የምታስቡት። ከፈተና መባረርና ውጤት መሰረዝ የአስተዳደር እርምጃ ነው። ከእሱ ወዲያ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን ይህን ድርጊት በዋናነት የሚይዘው በሰነድ በኩል ነው። ለሌላ ሰው የሚፈተን ልጅ አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ፎቶው የተቀየረ የመግቢያ ካርድ ወይም የሌላ ሰው መታወቂያ ያሳያል። የተፈታኞች መቆጣጠሪያ ላይ በሌላ ሰው ስም ይፈርማል። መልስ ወረቀቱ ላይ የራሱ ያልሆነ ስምና የምዝገባ ቁጥር ያጠቁራል። አንቀጽ 375 የሌላውን መብት ለመጉዳት ወይም ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት ብሎ ማስረጃ የሚሆን ሰነድ በሐሰት ያዘጋጀን፣ የራሱ ባልሆነ ስም የፈረመን፣ እውነተኛውን ሰነድ የለወጠን ሰው ይመለከታል። "ለሌላ ሰው" የሚለውን ልብ በሉት። እኔ ምንም አልተጠቀምኩም፣ ለጓደኛዬ ብዬ ነው የሚለው መከላከያ እዚያው ላይ ይወድቃል። አንቀጽ 378 ደግሞ ሰነዱን ያዘጋጀው ሌላ ቢሆንም ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተገለገለበትን ሰው ይይዛል። ፈታኙ ገንዘብ ተቀብሎ ዓይኑን ከጨፈነ የ2007 ዓ.ም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 በእሱ ላይ ይመጣል።

ስለ ማታለል የሚደነግገው አንቀጽ 692 የሚናገረው በተንኮል የሰውን የንብረት መብት ስለመጉዳት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ ራሱ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ፈተናው ላይ ብቻ ስታዩት በቀጥታ አይገጥምም ብሎ መከራከር ይቻላል። ያ ውጤት ወደ ዲግሪ፣ ዲግሪው ወደ ቅጥር፣ ቅጥሩ ወደ ወር ደመወዝ ሲለወጥ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እኔ ጠበቃችሁ አይደለሁም፤ የቱ አንቀጽ እንደሚጠቀስ የሚወስኑት ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ናቸው። የምነግራችሁ በሩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ነው።

ማን ማን ይጠየቃል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቤቱ ተቀምጦ ያስፈተነው ልጅ "እኔ አዳራሽ አልገባሁም፣ እስክሪብቶም አላነሳሁም" ቢል አያድነውም። አንቀጽ 32 ድርጊቱን በእጁ ባይፈጽምም በሙሉ ፈቃዱና በአሳቡ የወንጀሉ ተካፋይ የሆነን ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ያደርገዋል። በገንዘብ፣ በተስፋ፣ በልመና ወይም በማስፈራራት ሌላውን ወደ ወንጀል ያስገባ በአንቀጽ 36 አነሳሽ ነው፤ ለልጁ ብሎ የከፈለ አባትም ሆነ ደላላው እዚህ ሊገኙ ይችላሉ። ካርዱን ያተመ፣ ፎቶውን የለጠፈ፣ መረጃ ያቀበለ በአንቀጽ 37 ተባባሪ ይባላል። በሩ ላይ ሲፈተሽ የተያዘም "ገና አልጀመርኩም" ማለቱ ብቻ ነጻ አያወጣውም፤ አንቀጽ 27 ሙከራን ይቀጣል። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት በአንቀጽ 81 መሠረት መከላከያ አይሆንም። ዕድሜን በተመለከተም 15 ዓመት ያለፈው ልጅ በወንጀል ይጠየቃል፤ 18 አለመሙላቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ከተጠያቂነት አያስወጣውም።

ሕጉ ይህን ይላል። አሁን ወደ እኛ ጉዳይ።

"ወንድሜን መርዳት ምን ችግር አለው?" የምትሉኝን በአንድ የፊቅህ መዝገብ ልመልስላችሁ። መድረሳ የገባችሁ "ኒያባ" የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ በሌላ ሰው ፋንታ ሥራን መሥራት ማለት ነው። ሸሪዓችን ኒያባን አይጠላም። ዘካህን ወኪልህ ለድሃ ቢያደርስልህ ወጥቶልሃል። ኒካሕህን ወኪልህ ሊያስርልህ ይችላል። ከኸሥዐም ጎሳ የሆነች ሴት አባቷ ሸምግለው ግመል ላይ መቀመጥ እንዳቃታቸው ነግራ ሐጅ ላድርግላቸው ወይ ብላ ስትጠይቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውላታል፤ ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ አለ። ወንድምህ ሱብሒ ላይ እንቅልፍ ቢያሸንፈው ግን ተነስተህ "የእሱን ሁለት ረክዓ እኔ ሰገድኩለት" ልትል ትችላለህ? አትችልም። ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲምል ሲጠየቅ "እኔ ልማልለት" ብትል ማን ይሰማሃል? እሱ ያየውን አንተ ላላየኸው ብትመሰክርለትስ?

የማሊኪው ዓሊም አል-ቀራፊ ይህን ልዩነት በስፋት ተንትነውታል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ከሥራው የሚፈለገው ውጤቱ ሲሆን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል። ድሃው ገንዘቡ ይድረሰው እንጂ በማን እጅ እንደደረሰው ብዙ ለውጥ የለውም። ከሥራው የሚፈለገው ያው ሰውየው ራሱ ሲሆን ግን መወከል ትርጉም ያጣል። ፈተና የትኛው ነው? አገር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ነገ ቀጣሪ መሥሪያ ቤት "ሂሳቡን የሚሠራ ሰው ይገኝ" እያለ አይደለም፤ ሂሳብ ሠሪ ሞልቷል። እየጠየቀ ያለው "እከሌ የተባለው ልጅ ውስጥ ምን አለ?" ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንተ መልስ የለህም። ወንድምህ ታሞ ሳለ ክኒኑን አንተ ብትውጥለት እንደማለት ነው፤ ፍቅርህን አልጠራጠርም፣ እሱ ግን አልዳነም።

ስለዚህ መልስ ወረቀቱን እንደ ምስክርነት እዩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ "ይህን የማውቀው እኔ እከሌ ነኝ" እያላችሁ የምትጽፉት የምስክር ቃል ነው። በሐሰት መመስከርን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከትልልቆቹ ኃጢአቶች ሲቆጥሩ ተደግፈው ከነበሩበት ቀና ብለው ተቀምጠው ደጋግመው እንደተናገሩት ታውቃላችሁ።

ሌላም ሐዲስ አለ፤ ይህን ጉዳይ በስሙ የሚጠራ ይመስለኛል። አንዲት ሴት፣ ባሌ ያልሰጠኝን ሰጥቶኛል ብዬ ጣውንቴን ባስመስላት ችግር አለብኝ ወይ ብላ ጠየቀች። ነብዩም ባልተሰጠው ነገር የጠገበ መስሎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ጋር አመሳሰሉት። ለምን ሁለት እንደተባለ ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል። እኔ ግን ሐዲሱን ባነበብኩ ቁጥር በእኛ ጉዳይ ላይ ልብሱ በትክክል ሁለት መሆኑ ይደንቀኛል። አንዱን አዳራሽ የገባው ለብሶታል፤ የሌላውን ስም ነው። ሌላውን ቤት የቀረው ይለብሰዋል፤ የዚያኛውን እውቀት ነው። የመጀመሪያው በሁለት ሦስት ቀን ያወልቀዋል። ሁለተኛው ግን በምረቃው ቀን ጋዋን ደርቦበት፣ እናቱ እልል ስትልለት፣ ጎረቤት ሲስመው ለብሶት ይቆማል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አሊ ዒምራን ባልሠሩት ነገር መመስገንን ስለሚወዱ ሰዎች የተናገረውን አንቀጽ፣ 188ኛውን፣ ዛሬ ማታ ክፈቱና ከተፍሲሩ ጋር አንብቡት።

"ግን ኡስታዝ፣ ማን ተጎዳ?" ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። ተጎጂው ስለማይታይ ነው።

ቁጥር ልንገራችሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ተማሪዎች ከየወረዳው በአውቶቡስ ተጭነው፣ ስልካቸውን ትተው፣ ግቢ ውስጥ እያደሩና እየበሉ ተፈተኑ። ይህ ሁሉ ወጪና ድካም የመጣው ፈተናው ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መውጣቱ፣ በቡድን መኮረጁ፣ ሰው ለሰው መፈተኑ ስለበዛ ነው። በ2008 ዓ.ም የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ የመላ አገሪቱ ፈተና እንደተሰረዘ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የ2015ቱ ውጤት ሲወጣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ተጀመረ። በር ሲጠብ የሚገፋፋው ይበዛል፤ ደላላውም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

በሩ በጠበበ መጠን ግን በሐሰት የገባ አንድ ሰው የሚያስወጣው ሰው እየታወቀ ይሄዳል። ሕክምና የሚገቡት የተወሰኑ ናቸው። የተመኙት ዲፓርትመንት የሚደርሳቸው የተወሰኑ ናቸው። ሬሜዲያል እንኳ ለሁሉም አይደርስም። ከመስመሩ በአንድ ነጥብ በታች የቀረው ልጅ ስሙን አታውቁትም፤ እሱም የእናንተን አያውቅም።

ቻይና ውስጥ ግን ስሙ ታወቀ። የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የገበሬ ልጅ የሆነች ተማሪ እ.ኤ.አ በ2004 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወሰደች። የመግቢያ ደብዳቤ ሳይመጣላት ቀረ። ወድቄያለሁ ብላ አምና ከተማ ወጥታ የጉልበት ሥራ ያዘች፤ አገባች፣ ወለደች። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ለጎልማሶች ትምህርት ልትመዘገብ የመንግሥትን መረጃ ስትፈልግ በራሷ ስም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ሰው እንዳለ አየች። ፎቶው ግን የሌላ ሴት ነበር። ደብዳቤዋ ተወስዶ፣ ስሟ ተወስዶ፣ የዩኒቨርሲቲ ሕይወቷ ተወስዶ ነበር። እሷ ፈተናውን አልፋ ነበር! የእሷ ጉዳይና መሰሎቹ አገሩን ካነጋገሩ በኋላ ቻይና የሌላን ሰው ማንነት ወስዶ ዩኒቨርሲቲ መግባትን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገችው። ለሌላ ሰው መፈተን ደግሞ ከ2015 ጀምሮ እዚያ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። የእሷ ጉዳይ ከእኛው ይለያል፤ እዚያ የተሰረቀው የአንዲት የታወቀች ልጅ ስም ነው። እዚህ የሚሰረቀው የአንድ የማይታወቅ ልጅ ቦታ ነው። ለተሰረቀው ልጅ ግን ልዩነቱ ምንድን ነው? እሷ ቢያንስ በመጨረሻ እውነቱን አገኘች።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ብዬው ማለፍ አልፈልግም። "ኡስታዝ፣ ፈተናው ራሱ መቼ ፍትሐዊ ሆነና? የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅና የጃናሞራ ልጅ እኩል ተምረዋል ወይ?" ትሉኛላችሁ። አልተማሩም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ዓመት እንደባከነበት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ከደባርቅ ወዲያ ካሉት ደጋዎች ወርዶ ጎንደር የሚማር ልጅ ያለበትን ሁሉ ተሸክሞ ነው አዳራሽ የሚገባው። ይህ በደል ነው፤ በደልነቱን በአደባባይ መናገር፣ መጻፍ፣ መጠየቅ መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ግዴታችሁም ነው።

ግን ገበያውን እስቲ ተመልከቱት። የሚፈትንለት ሰው የሚቀጥረው ማን ነው? የጃናሞራው እረኛ ልጅ ነውን? ለደላላ የሚከፍለው ከየት አምጥቶ? የሚቀጥረው ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ነው። የሚቀጠረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎበዙ የድሃ ልጅ ነው። በሀብት የማይገዛ አንድ ነገር ለድሃው ቀርቶለት ነበር፣ ጭንቅላቱ፤ አሁን እሱንም ሸጠ። ፖሊስ አዳራሹ ውስጥ እጅ ከፍንጅ የሚይዘውም እሱን ነው፤ ከፋዩ በዚያ ሰዓት ቤቱ ቁርሱን እየበላ ነው። ዶርም ውስጥ በዳቦና በሻይ እየዋለ የሚያጠናውን ልጅ አስቀድሞ ለእስር የሚያዘጋጅን ንግድ "ድሃን ማካካሻ" ብላችሁ አትጥሩልኝ።

ዝምድናንም ላንሳ። እኛ ዘመድ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ "የራስህን ሰው ጣል" የሚል መካሪ ማን ይሰማዋል? ሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ሲወርድ የነበረውን ሁኔታ ሙፈሲሮች ያወሳሉ። መዲና ውስጥ ከአንሷር ወገን የሆነ ሰው ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሊታወቅ ሲል የተሰረቀው ዕቃ በሌላ ሰው ዘንድ እንዲገኝ ተደረገ፤ በብዙዎቹ ዘገባ ያ ሰው አይሁዳዊ ነበር። የሌባው ዘመዶች መጥተው ወገናችን ንጹሕ ነው ብለው ተከራከሩለት፣ መሰከሩለት። ነገሩ ወደዚያው ሊያደላ ሲል ወሕይ ወረደ። ለከዳተኞች ጠበቃ አትሁን ተባለ፣ ያ ሙስሊም ያልሆነው ሰው ነጻ ወጣ። ጎንደር ላይ ቁጭ ብላችሁ ይህን ስታነቡ አስቡት፤ ከመስመሩ በታች የሚቀረው ልጅ አብሯችሁ ከአንድ ቧንቧ ውኃ የቀዳ የክርስቲያን ጎረቤታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቁርአን የእሱን ሐቅ ለወገን ፍቅር አሳልፎ አልሰጠም። ወንድምህን በዳይም ቢሆን እርዳው የሚለውን ሐዲስ የምትጠቅሱልኝም አላችሁ፤ ቀሪውን አብራችሁ ጥቀሱ እንጂ። ሰሓቦች በዳዩን እንዴት ነው የምንረዳው ብለው ሲጠይቁ መልሱ ከበደሉ መያዝ ነው የሚል ነበር።

አሁን ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ። የተጠናቀቀ ነገርስ? ሌላ ሰው ተፈትኖለት ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ከዚያ ግን በራሱ ተምሮ፣ በራሱ ላብ ተመርቆ፣ ዛሬ ሥራውን በደንብ የሚሠራ ሰው ዲግሪው ምን ይሁን?

ሕንድ ውስጥ ማድያ ፕራዴሽ በሚባለው ክፍለ ግዛት ይህ በትልቁ ደረሰ። "ቪያፓም" በተባለው የፈተና ቦርድ ስም የሚታወቀው ቅሌት እ.ኤ.አ በ2013 ሲፈነዳ ለዓመታት ሌላ ሰው እየተፈተነላቸው፣ ወይም ጎበዝ ተማሪ ከፊታቸው እየተቀመጠላቸው ሕክምና ኮሌጅ የገቡ ልጆች መኖራቸው ወጣ። መግቢያቸው የተሰረዘባቸው ከ600 በላይ ተማሪዎች ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። አብዛኞቹ ተምረው ጨርሰው ወይም ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር። በ2016 ሁለት ዳኞች አዩትና ተለያዩ። አንደኛው፣ የተማሩት እውቀት ለአገር ይጠቅማል፣ ለአምስት ዓመት ያለ ደመወዝ ያገልግሉና ይቀጥሉ አሉ። ሁለተኛው ይሰረዝ አሉ። በየካቲት ወር 2017 ሦስት ዳኞች ተሰይመው ሰረዙት። በማጭበርበር የተገኘን ነገር ለጥቅሙ ሲባል ማጽደቅ አይቻልም ነበር አሳባቸው።

እኛም ዘንድ ዑለማዎች ተነጋግረውበታል። በፈተና በማጭበርበር የምስክር ወረቀት ስላገኘና በእሱ ስለሚሠራ ሰው ተጠይቀው ሼኽ ዓብዱልዓዚዝ ኢብኑ ባዝ ሥራውን በሚገባ የሚወጣ ከሆነ ደመወዙ ችግር እንደሌለበት፣ ላጠፋው ግን ተውበት ማድረግ እንዳለበት መልሰዋል። ሌሎች ደግሞ ሥራው የቆመበት መሠረት ሐሰት ነውና ጠበቅ አድርገዋል። ይህን ፈትዋ የጠቀስኩላችሁ በፍርሃት ነው፤ "እንግዲያው ልፈተንና በኋላ ተውበት አደርጋለሁ" የሚል ሰው አይጠፋምና። ፈትዋው ለወደቀ ሰው መነሻ ነው፤ ለመውደቅ ያሰበ ሰው ፈቃድ አድርጎ ሊይዘው አይችልም።

የእኔ አስተያየት? ሥራው የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ከሆነ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከሆነ፣ ወደ ሕንዱ ፍርድ ቤት አደላለሁ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፍቶባት እስከ ዛሬ ሐኪም የምታፈራ ከተማ ናት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ፊደል ባይቆጥሩም ነጭ ጋዋን የለበሰውን ልጅ "እሱ ያውቃል" ብለው ሰውነታቸውን አሳልፈው ይሰጡታል። ያ እምነት አማና ነው፤ የሚቆመውም ከዓመታት በፊት የተሰጠ አንድ ፈተና እውነት ነበር በሚለው ላይ ነው። በሌላው ሥራ ላይ ያለውን ግን ሙሉ ሕይወቱን አፍርስ ለማለት አልደፍርም። የራሱን ጉዳይ ይዞ ወደሚያምነው ዓሊም ይሂድ።

ስለ ቅጣቱም የሚሰማኝን ልናገር። ወንጀል ነው ስል አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ወህኒ ሲገባ ደስ ይለኛል ማለቴ አይደለም። የቻይናው ሕግ አንድ ነገር አስተውሏል፤ ማጭበርበሩን የሚያደራጀውን እስከ 7 ዓመት እስራት ይቀጣዋል፣ የሚፈተነውንና የሚያስፈትነውን ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ቅጣት ያልፈዋል። ይህ ልክ ይመስለኛል። ደላላው በየዓመቱ አዲስ ጎበዝ ልጅ ያገኛል፤ የተያዘው ልጅ ግን ሁለተኛ ጉርምስና አያገኝም። ዳኛ ፊት ሁለቱ በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ ሚዛኑ ተሰብሯል። ሆኖም ሕጉ ይራራልኛል ብላችሁ በዚያ ላይ ዕቅድ አታውጡ።

የእናቱ መድኃኒት ያስጨነቀህ ወንድሜ፣ አንተን አልረሳሁህም። ለመስጂድህ ኢማም ንገር፤ ለእኔም ጻፍልኝ፤ ስምህ አይወጣም። ዘካ የተደነገገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፣ መቀበሉም ውርደት የለበትም። ታናሽ ወንድሟን ለማሳለፍ የተጨነቀችው እህቴም፣ በቀረው ሳምንት ማታ ማታ ሁለት ሰዓት አብረሽው ቁጭ ብትይ ለእሱ የሚበቃ መርዳት ነው። ባያልፍም ዓመት አለ።

ቀድሞውኑ ገንዘብ ተቀብላችሁ የተፈተናችሁ ደግሞ "ለከፋዩ ልመልስለት?" ትላላችሁ። ኢብኑል ቀይም ለሐራም አገልግሎት በፈቃድ የተከፈለን ዋጋ ለከፋዩ መመለስ ተገቢ አይደለም ይላሉ፤ ከፋዩ የፈለገውን አግኝቶ ሳለ ገንዘቡም ከተመለሰለት በኃጢአቱ ላይ ሁለቱን ሰበሰበ ማለት ነውና። ስለዚህ ለድሃ ይሰጣል፤ በክፍያ ችግር ትምህርት ሊያቋርጥ የተቃረበ ልጅ ካወቃችሁ እሱ ተገቢ ቦታ ነው። ገንዘቡ ካለቀና እጃችሁ ባዶ ከሆነ እንደአቅማችሁ በጊዜ ሂደት አውጡት፤ ተውበት ያደረገ ድሃ ለሚያስፈልገው ያህል ከእሱ ቢጠቀም ኢብኑ ተይሚያ ፈቅደዋል።

ፈተናው ገና ሆኖ ቀብድ የተቀበላችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አገልግሎቱ አልተሰጠምና ገንዘቡ እስካሁን የከፋዩ ነው፤ ዛሬ ከዓስር በፊት ደውሉለትና መልሱለት።